ከነጉቶው

አዲሱ ተከራይ የማዶዋን ሴትዮ ስም አያውቅም፤ ልፋቷን ግን በመስኮቱ እያየ ነው የሰነበተው። ሰፊ የወንድ ኮት ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ ክርኗ ጠቅልላ፣ ከጎረቤት ግቢ የሚለያትን ያረጀ የእንጨት አጥር ትነቅላለች። ቋሚው ሥር ውሃ ታፈስና አፈሩ እስኪርስ እንደ ባላጋራ ታፈጥበታለች። ከዚያ በድጅኖ ትፈነቅለዋለች፣ በትከሻዋ ወዲያ ወዲህ ትነቀንቀዋለች፤ አልወጣ ሲላት ደግሞ ትሰድበዋለች።

ዛሬ የሟች ባሏ ወንድም መጥቶ ጮኸባት።

«የወንድሜን ኮት ለብሰሽ የወንድሜን አጥር? ገና አፈሩ ሳይደርቅ!»

እሷ ድጅኖዋን አላቆመችም።

«እሺ፣ ካልቀረልሽ ከመሬት እኩል በመጋዝ ቁረጪው። ወገብሽን ልትጨርሺው ነው።»

«ጉቶውንስ?»

«አፈር ይሸፍነዋላ!»

«ይሸፍነዋል እንጂ መች ያጠፋዋል! ወንድምህ እህቴን ከደጄ ለማራቅ ሲያጥር አማክሮኛል? እኔም አላማክረውም። ወይ ያዝ፣ ወይ ዞር በል!»

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። ተከራዩ አላስችል ብሎት ወረደ።

«ላግዝዎት፣ እናቴ?»

«ይኼን አትንካብኝ፤ የኔ ነው» አለች፣ ላቧን በኮቱ ጫፍ እየጠረገች። «ማገዝ ካማረህ ለዚያች ውሃ አድርስላት።»

ዞሮ አየ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ቁርጥ እሷን የምትመስል አሮጊት ተንበርክካ፣ የመጨረሻውን ቋሚ ሥር በጭልፋ ትቆፍራለች።