የፖም መያዣ

አሰላ ግቢያችን ውስጥ ያለውን የፖም ዛፍ የተከለው የልጆቼ አባት ነው። መምህር ነበር። ኤስፔራንቶ የሚባለውን፣ ሰው ሆን ብሎ የፈጠረውን ቋንቋ ከአንድ ቀጭን መጽሐፍ ለብቻው ተማረ። ከተማው ውስጥ በቋንቋው የሚያናግረው ስላልነበረ እኔን ያስተምረኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ በእኔ ዘንድ የቀረው አንድ ቃል ነው፤ የዚህ ዛፍ ስም።

ቃሉ ከየት እንደመጣ ሲነግረኝ ሁለት እጆቹን እንደ እንቅብ ይገጥም ነበር።

"ፍሬውን ከፈረንሳይኛ ወስደው ፖሞ አሉት። የእኛም ፖም የዚያው ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ መያዣ የሚል ቅጥያ ጨመሩበት። ዛፉ የፖም መያዣ ሆነ።"

"ፖም የሚያዝበትን እንቅብስ ምን ሊሉት ነው?" አልኩት።

"እሱንም ያው" አለና ሳቀ። "በኋላ ይህ ያስቸገራቸው ሰዎች ለዛፉ ሌላ ቃል አወጡ። እኔ የድሮውን እወዳለሁ።"

እሱ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከዛፉ ሥር ቆሜ ቃሉን እላለሁ። ለትዝታ ብቻ አይደለም። ኢተያ የነበረችው ታላቅ እህቴ መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋት፤ ኋላ የልጆቿ ስም፤ በመጨረሻ የገዛ በሯን ማወቅ አቃታት። ቃሉ ከአፌ እስከወጣ ድረስ ደህና ነኝ እላለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ቆምኩ፤ ቃሉ የለም። የእጆቹ አገጣጠም አለ፣ ሳቁም አለ። ቃሉ ብቻ የለም። ግንዱን ያዝኩ።

ከአዳማ ልትጠይቀኝ የመጣችው ልጄ ከበሩ ላይ ሆና "እማዬ፣ በዚህ ብርድ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

"ፖሙን አያለሁ።"

"ፖሙ ጥሎሽ አይሄድም። ግቢ፣ ገንፎው ደረቀ።"

"መጣሁ" አልኳት እንጂ አልተንቀሳቀስኩም። ብነግራት የዚያኑ ቀን ልብሴን ሸክፋ አዳማ እንደምትወስደኝ አውቃለሁ። ይህ ቤት ይዘጋል።

እጆቼን እሱ እንደሚያደርገው ገጠምኩ። ፍሬው፣ ፖሞ። መያዣው፣ ኡዮ። "ፖሙዮ" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ገብቼ ገንፎውን በላሁ። ልጄ ቅቤ ጨመረችልኝ፤ ስለ መንገዱ ጭቃ አወራችኝ። ቃሉን አስታውሼው ይሁን ወይስ እዚያው ገጣጥሜ ሠርቼው፣ አላውቅም። የምጠይቀውም ሰው የለም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አልቆምም፤ ዛፉን በመስኮት ነው የማየው።