ለዮጋ የተረፈኝ ሰባት ቀን

ከአረርቲ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እማዬ እስከ መኪናው ሸኝታኝ፣ "እዚያም መጽሐፍ ላይ ተደፍተሽ ወገብሽን እንዳትጨርሽው" አለችኝ። ሌላ ምክር አልነበራትም። በማታ ትምህርት ተጎትቼ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ዲግሪ የያዝኩ ሴት ነኝና፣ ሰመራ መዝገብ ቤት ሥራ አገኘሁ ስላት ሩቅ ነው ብላ ልታስቀረኝ አልደፈረችም።

ከአገር ሳትወጪ ምን ስደት አለ ትሉኝ ይሆናል። እናንተ የሽምብራ እሸት እየፈለፈላችሁ ብርድ ብርድ ሲላችሁ፣ እዚህ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ሻይ ሊሆን ቅጠሉ ብቻ ነው የቀረው። ቤት ስከራይ ቬንትሌተር አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አከራዬ እቴ ዘሃራ፣ የባቲ ሴት ናቸው፣ "አለው፤ መብራት ሲኖር ደግሞ ይዞራል" አሉኝ።

እማዬ የፈራችው አልቀረም፣ በሦስተኛው ዓመት ወገቤ አልቀና አለኝ። ሐኪሙ እንቅስቃሴ አዘዘልኝ። ብዙም ሳይቆይ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ አንድ ሆቴል ውስጥ የሰባት ቀን የዮጋ ሥልጠና እንዳለ የሚናገር ወረቀት ቢሯችን ተለጠፈ። ቃል በቃል አነበብኩት። የሚጀመረው "ለፀሐይ ስግደት" በሚባል እንቅስቃሴ ነው፤ የሚያበቃው "የሬሳ አተኛኘት" በሚባል። የመጀመሪያውን ለእቴ ዘሃራ ነገርኳቸው።

"ለፀሐይ? አስተግፊሩላህ። እሷማ እዚህ አገር ያለ ሥልጠናም አጉብጣናለች።"

ሁለተኛውን አልነገርኳቸውም።

አባዬ የሞተ ጊዜ ሰመራ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ስደውል ወንድሜ ተስፉ "ተኝቷል" ይለኛል፤ ቀጥሎ "ፈቃድሽ መቼ ነው?" ይለኛል። አንድ ወር ሙሉ ተኝቷል ሲባል ከርሞ፣ ፈቃድ ወስጄ በገባሁ በማግስቱ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ወር ያለፈውን መርዶ አረዱኝ። በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማ ብለው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ከዚያ ወዲህ "ተኝቷል" የምትለዋን ቃል ስሰማ እንደ ተፋቀ ማህተም አገላብጬ ነው የማያት።

ዘንድሮ የቀረኝ ፈቃድ ሰባት ቀን ነው። ሥልጠና ነውና ከፈቃዴ አይቀነስብኝ ብዬ የአስተዳደር ኃላፊውን ለመንኳቸው። ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አምጪ አሉኝ።

"መሥሪያ ቤቱ እኮ እርስዎ ነዎት።"

"እኔማ አልደግፍም።"

እንግዲህ ወይ ዮጋው፣ ወይ እማዬ። እሷ ጉንፋን ይዟታል ተብያለሁ፤ ሁለት ሳምንት አመነታሁ፤ ስሜን ጽፌ ሰረዝኩ፤ መልሼ ጻፍኩ። በመጨረሻ የቆረጠችልኝ ራሷ ናት። በስልክ፣ በሰለለ ድምፅ፣ "ታከሚበት፤ ቀጥ ብለሽ ትመጪልኛለሽ" አለችኝ። ተመዘገብኩ።

ወደ እኛ አገር አቅጣጫ የሚያልፈው አውቶቡስ አዋሽ ለምሳ ቆመ። ሆቴሉ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሰዎች የተጠቀለለ ምንጣፍ በብብታቸው ይዘው ሲገቡ አያለሁ። ሻንጣዬን ሳላወርድ ደርሻለሁ ልበላት ብዬ ደወልኩ። ያነሳው ተስፉ ነው። እማዬን አገናኘኝ አልኩት።

"ተኝታለች።"

ቀትር ነው። እማዬ ቀን ተኝታ አታውቅም።

"ቀስቅሳት" አልኩት።

ከኋላው አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሌላም። ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። እኔ አንድ እጄን ሻንጣው ላይ እንዳደረግኩ ነኝ።

"ሥልጠናሽ" አለኝ ተስፉ፣ "መቼ ነው የሚያልቀው?"