የፍሬን ሽቦ ክራር

ከቤቴ ጀርባ ያለው በያጅ የናፍጣ በርሜል ለሁለት ሲቆርጥ የሚወጣው የተቃጠለ ዘይትና ብረት ሽታ ለልጅ ልጆቼ ራስ ምታት ነው፤ እኔን ግን ሽንኩርት እየከተፍኩ ከተቀመጥኩበት አንስቶ፣ እዚሁ አሰላ፣ ከቀበሌው ጀርባ ወደነበረው ባዶ የእህል መጋዘን ይወስደኛል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፣ ሥራዬም መጮህ ነው።

አራት ነበርን። ከድር ጅማት ሲያጣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተርትሮ ክራር ሠርቶ ነበር፤ ሲመታው ጥርስ ያፋጫል። የቀበሌው ሊቀመንበር የእህት ልጅ ቦጋለ ግማሽ የናፍጣ በርሜል ይደበድባል፤ አባቱ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር የሆነው ሰይፉ ማሲንቆ ይገዘግዛል፤ እኔ እጮሃለሁ። ቀበሌው የኪነት ጓድ ብሎ ቀይ ሻሽ አድሎን በየስብሰባው መዝሙር ያስዘምረናል፤ መጋዘናችን ስንገባ ግን የበቆጂ ገበሬዎች በሬ እየነዱ በውቂያ የሚያዜሙትን ዘፈን ሦስት እጥፍ አፍጥነን፣ ጉሮሯችን እስኪላጥ እንለቀዋለን። «ስንዴው ሄደ ተጭኖ፣ እብቁ ቀረ በንኖ» የምትል የራሳችን ዘፈንም ነበረችን፤ እሷን በር ዘግተን ነው የምንላት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች በዚያ ሲያልፉ፣ «ይህ ዘፈን ነው ወይስ ጅብ የገባበት በረት?» ይሉን ነበር።

ማን ይጀምር፣ ማን በጭቃ በርሜሉን ይሸከም ብለን ስንጣላ፣ እንደ ቅርጫ ሥጋ ሁሉን በዕጣ እናድርግ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም የየራሱን ምልክት በቆብ ውስጥ ይጥላል፣ ፊቱን ያዞረ ሰው ያወጣል፤ ጭቅጭቅም አብሮ ያልቃል።

የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ የመጣ ጊዜ ሊቀመንበሩ ጠራንና ከሦስቱ ወንዶች አንዱ እንደሚሄድ ነገረን። «ሰይፉ ይሂድ፤ እሱ እዚህ ዘመድ የለው» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዘመድ የሌለው ሁሉ ይሙት ነው የሚሉት?» አልኩት።

«ይህ ጉሮሮሽ መዝሙር ላይ ብቻ ቢከፈት ምን ነበረበት!» ብሎ ሳቀና፣ እንግዲያው ራሳችሁ ምረጡ፣ እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ስም አምጡ አለን።

መጋዘኑ ውስጥ ቦጋለ ምንም ሳያንገራግር ቆቡን አወለቀ። ሰይፉ ግን፣ እሱው ራሱ፣ «ከድር ከዕጣው ይውጣ፤ ለእናቱ አንድ ነው» አለ። እውነቱን ነበር፤ እናቱ አዴ ዘይነባ ባል የሞተባቸው፣ ከከድር በቀር ማንም የሌላቸው ሴት ነበሩ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ለአንዱ ምክንያት ከተቀበልን ለቦጋለም ምክንያት ይገኝለታል አልኩ።

ከድር ሳቀ። «ተዋት፣ እሷ እኮ ለቆሎ ፍሬም ዳኛ ታቆማለች።»

ፊቴን ወደ ግድግዳ ሳዞር ምልክታቸውን ጣሉ። እጄን ስሰድ ጣቴን ወጋኝ። ሽቦ ነበር። ከድር ክራሩን ሲያጠብቅ ጫፉን እየያዝኩለት ስንት ጊዜ ወግቶኛል፤ እንዴት አላውቀው? ከጎኑ የቦጋለ አዝራርና ከሰይፉ ማሲንቆ የተነቀለች የፈረስ ጭራ ነበሩ፣ እነሱንም ጣቴ ለየ። ሽቦውን ትቼ ሌላውን ባነሳ ማንም አያውቅም። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አውቄ ከተውኩት ሌባ ነኝ። አወጣሁት።

ከድር አየውና፣ «እሰይ፣ ዛሬ ጀማሪው እኔ ነኝ» አለ።

በሳምንቱ በጭነት መኪና ወሰዱት። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። ደርግ ሲወድቅ ወታደሮች በዴራ መንገድ በእግራቸው፣ ጫማቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ላይ ሲወጡ፣ አዴ ዘይነባና እኔ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር እየቆምን የእያንዳንዱን ፊት አየን። የሚመጣው ሰው ሲሳሳና መንገዱ ባዶ ሲሆን ነገርኳቸው። «ጣቴ አውቆት ነበር። ልተወው እችል ነበር» አልኳቸው።

ባዶውን መንገድ አንዴ አዩት። ከዚያ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብትተዪው ኖሮ ዛሬ እዚህ የምትቆመው የሰይፉ እናት ነበረች» አሉኝና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እርግማን ነበር የጠበቅሁት። ቢረግሙኝ የማለቅስበት ነገር አገኝ ነበር።

አሁን እሳቸውም የሉም፤ ቦጋለ ታሞ ሞተ፣ ሰይፉ ከአባቱ ጋር ጎጃም ከገባ ወሬው የለም፤ የዚያችን የስንዴውን ዘፈን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ የቀረ አይመስለኝም፣ እኔም ግጥሟን እንጂ ዜማዋን አላስታውስም። ዕጣው ትክክል ነበር፤ ዛሬም የሚጠይቀኝ ካለ ትክክል ነበር እላለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልዘፈንኩም። ምዬ አይደለም፣ ሐዘንም አይደለም፤ አፌን ስከፍት የሚመጣ ነገር የለም። ሦስት ልጆች ስድር እልል ያለችልኝ ጎረቤት ናት።