ለላይብረሪ የሰጠነው የታላቅ ክብር

ይህን የምጽፈው በቢሯችን የደረሰው ጥፋት የአንዲት ወጣት ግድየለሽነት ነው ተብሎ እንዳይቀር ነው። እንዲያ አልነበረም።

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በላይ ባለች ክፍል ሦስት ሆነን ፕሮግራም እንጽፋለን፤ ቢሮውን የከፈቱትና «ጋሼ» የምንላቸው ታላቃችን፣ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣችው ባልደረባችን፣ እኔም በመካከል።

አንድ ጠዋት ከቱላ አንዲት እናት መጡ። ሟች አባታቸው በሲዳምኛ የነገሯቸውን የዘር ሐረግና ምርቃት በስልካቸው ቀድተውታል፤ ድምፁን ግን ነፋስና የከብት ጩኸት ሸፍኖታል።

«ልጆቼ አያታቸውን አያውቁም» አሉ። «ድምፁ ይጥራልኝ። ፊቼ፣ ዘመን መለወጫችን፣ ሲደርስ፣ ለበዓሉ ጉዱማሌ አደባባይ ሳንሄድ፣ ቤት ቁጭ ብለው ይስሙት።»

ማጥሪያውን ባልደረባችን ራሱን የቻለ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠሩት የኮድ ስብስብ፣ አድርጋ ጻፈችው። ከቅጂው መነሻና መድረሻ ያለውን ባዶ ዝምታ ብቻ የሚቆርጥ ክፍል ነበረው፤ «ትሪም»፣ መከርከሚያ እንደማለት፣ ብላ ሰየመችው። ጋሼ ደግሞ ከዓመታት በፊት፣ በመኪና ላይ ለሚለፈፍ ማስታወቂያ የሠሩት የድምፅ ላይብረሪ አለ። እስከ ዛሬ ፋይል የምንከፍተው በእርሱ ነው። በውስጡም «ትሪም» የሚባል ክፍል ነበር፤ የእርሳቸው ግን ተናጋሪው ጥቂት ዝም ካለ ንግግሩ አብቅቷል ብሎ ቀሪውን ይጥላል። የማስታወቂያ ለፋፊ ዝም አይልምና በዘመኑ ትክክል ነበር።

አሁን ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። በጋራ ላይብረሪ ውስጥ አንዱ ክፍል ሌላውን ሲጠራ፣ የሚጠራው የት እንደሚገኝ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ ሊንከሩ፣ የኮዱን ክፍሎች የሚያገጣጥመው መሣሪያ፣ ቦታውን ክፍት ትቶ፣ «እዚህ የእገሌ አድራሻ ይሞላ» የሚል ማሳሰቢያ ያኖራል፤ ይህ ሪሎኬሽን ይባላል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ጫኚው፣ ኮዱን ሥራ ላይ የሚያስገባው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ ላይብረሪዎቹን በተሰለፉበት ተራ እየዞረ ስሙን ይፈልጋል፤ በመጀመሪያ ያገኘውንም አድራሻ ይሞላል። ሌላ ባለ ተመሳሳይ ስም ከኋላ ቢኖር አይጠይቅም፣ አያስጠነቅቅምም። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ስሙ ከውጭ እንዳይታይ ካልተሸሸገ በስተቀር፣ ላይብረሪው በገዛ ቤቱ ያለውን ክፍል ሲጠራ እንኳ ከፊቱ የተሰለፈው ሊመልስለት መቻሉ ነው።

የቢሯችን ልማድ ላይብረሪዎችን በጸሐፊያቸው ዕድሜ ማሰለፍ ነበር። ማንም አላዘዘንም፤ ለምሳ እጅ ስንታጠብ ታላቅ እንደሚቀድም ሁሉ ይህም እንዲሁ ሆነ።

«እናንተ ለኮድም ወንበር ትለቃላችሁ!» ብለው ጋሼ ይስቁብን ነበር።

«የእርስዎ ኮድ እኮ መቆም አይችልም፣ ጋሼ፤ ጉልበቱን ያመዋል» ትላቸዋለች ወጣቷ።

የጠራው ድምፅ ዋናውን ቅጂ ተክቶ በላዩ ተጻፈ። የእናቲቱም ስልክ ሞልቶ ስለነበር፣ አክስታቸውን ሊቀዱበት አጽዱልኝ ስላሉን አጸዳንላቸው።

ሊረከቡ የመጡ ዕለት የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈትንላቸው። የሽማግሌው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። እናቲቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ወዲያው ድምፁ ቆመ።

«አባቴ አልጨረሰም» አሉ።

ሁለተኛውን ከፈትን፤ እርሱም ቆመ።

«እሱ ሲያወራ ዝም ይላል። ያየኛል፤ እኔ ‹እሺ› ስል ይቀጥላል። የቀረው የት አለ?»

እንፈልገዋለን ብለን ሸኘናቸው። ከሄዱ በኋላ ጋሼ ወደ ወጣቷ ዞሩ።

«ሳትሞክሪው ነው እንዴ የሰጠሽን፣ ልጄ?»

«ሞክሬዋለሁ፣ ጋሼ! ብቻውን ሳስኬደው አንድ ቃል አይቆርጥም።»

እውነቷን ነበር፤ ብቻውን ሲሄድ የሚቀድመው አልነበረምና። ጫኚው ለእያንዳንዱ ስም የትኛውን ላይብረሪ እንደመረጠ እንዲናገር አድርገን አብረን አየን። የእርሷ ላይብረሪ «ትሪም» ብሎ በተጣራበት ቦታ ሁሉ የተሞላው የጋሼ አድራሻ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይቅርታ፣ ልጄ» አሏት። «አንቺ አይደለሽም። አስቀደማችሁኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ቀደምሁ።»

ስሙን ከውጭ መሸሸግ የአንድ መስመር ሥራ ነበር፤ ያን ዕለት ሠራነው። የጠፋውን ግን ከስልኩም ልናወጣው አልቻልንም፤ የአክስታቸው ድምፅ በላዩ ተቀድቶበታል። ጋሼ ቱላ ድረስ ሄደው ነገሩን ለእናቲቱ ሲያስረዱ እኔም አብሬ ነበርሁ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡ።

«ሰው አውቆ አልቆረጠውም ማለት ነው?»

«አላወቅንም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ያለውን ስጡኝ። ልጆቹ ያንኑ ይስሙ።»

ሰጠናቸው። ቅጂዎቹ ሃያ ሦስት ነበሩ። ሙሉ የቀሩት ሁለት ናቸው። ሃያ አንዱ ከመጀመሪያው ዝምታ በኋላ የሉም።