አቀበቱ ላይ የቀረበልኝ ቆጮ

በደርግ ዘመን ሆሳዕና አስተማሪ ሳለሁ፣ አንድ የእረፍት ሰሞን በብስክሌቴ እስከ አርባ ምንጭ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። አንጋጫን አልፌ የአምባሪቾን አቀበት ግማሹን እየነዳሁ ግማሹን እየገፋሁ ስወጣ፣ አንዲት እናት ከእንሰት ጓሯቸው ወጥተው መንገዴ ላይ ቆሙ።

"ምንም አትናገር" አሉኝ። "መጀመሪያ ብላ።"

እጄን ይዘው ቤት አስገቡኝና ቆጮ ከአይብ ጋር አቀረቡልኝ። ልናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያጎርሱኛል። እኔም ርቦኛል፣ እበላለሁ። ወደ በሩ ዞር ስል ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጁን ሞልተውታል።

ገበታው ባዶ ሲሆን እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሰበሰቡ።

"እሺ፣ አሁን ንገረኝ። ልጄ የት ወደቀ?"

ያኔ ገባኝ። በዚያ አገር በብስክሌት የሚመጣው የወረዳው መልእክተኛ ብቻ ነው፤ የዘማቾችን መርዶ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ለካ ሲያጎርሱኝ የቆዩት ልጃቸውን ጥቂት ለማቆየት ኖሯል።

"እማማ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። አገር ልይ ብዬ ነው የወጣሁት" አልኳቸው።

ከዚያ ተነሥተው የተረፈውን ቆጮ ሁሉ በእንሰት ቅጠል ጠቀለሉልኝ። ለለቅሶ የመጣው ጎረቤት ነጠላውን አስተካክሎ ለብሶ፣ እየሳቀ ብስክሌቴን እስከ ተራራው አናት ገፋልኝ። እሳቸውም አብረው ወጡ። ቁልቁለቱን ልጀምር ስል ግንባሬን ሳሙኝና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ።

"ስትመለስ ግን ልጄ፣ እባክህ በሌላ መንገድ ሂድ።"