የከረመ ቤንዚን

ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን፣ መሥሪያ ቤታችን ዕቃ ቤት ውስጥ የከረመው የሣር ማጨጃ አልነሳ አለን። የቤንዚኑን ክዳን ስከፍተው ያ የቆየ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ወዳደግኩባት ራቤል፣ አባቴ ደጅ ወሰደኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ዓመት አባቴ ክረምቱን ሙሉ ታመው ተኝተው ነበር። ዝናቡ ሲያበቃ የተከልነው ነጭ ሽንኩርት መጠውለግ ጀመረ፤ ከወንዙ ውሃ የምንስብበት ፓምፕ ግን ክረምቱን ከጎተራው ሥር እንደተቀመጠ ነው። እናቴና እኔ ተሸክመን አወጣነው። ገመዱን ብንስብ፣ ብንስብ ዝም አለን።

አባቴ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። «ተይው፣ አትታገይው» አሉኝ። «መጀመሪያ የከረመውን ቤንዚን ድፊው። ከዚያ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትተሽ አምጪልኝ።»

ፈትቼ ሰጠኋቸው። ጥቀርሻውን ሊፍቁ ሲሞክሩ ጉልበት አጠራቸው። አንድ አፍታ አዩትና መልሰው ሰጡኝ። «አንቺው ጥረጊው፤ እኔ እነግርሻለሁ።» ከዚያ በፊት ያንን ሞተር ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም ነበር።

ፍቄ፣ አድርቄ መለስኩት። አዲስ ቤንዚን ጨምረን ገመዱን ስስበው ሞተሩ እንደ ማስነጠስ አለና ተነሳ። እናቴ እልል አለች። አባቴ ከተቀመጡበት ከፍ ብለው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። አፍሬ ሳልመልስላቸው ወደ ማሳው ሮጥኩ።

ሽንኩርቱ ምን ያህል እንደተረፈ አላስታውስም። ዛሬ ግን የከረመውን ቤንዚን ደፍቼ፣ ካንዴላውን ጠርጌ ማጨጃውን ሳስነሳ፣ በጩኸቱ መሐል ማንም ባይሰማኝም፣ «አብሮ ይስጠን፣ አባዬ» አልኩ።