ከምርቃት በፊት የተቀዳ ወይን

ሰበታ ውስጥ ግቢው ሰፊ የሆነ ሆቴል በአስተናጋጅነት የተቀጠርኩ ቀን ትሪ እንኳ አላስያዙኝም። ኃላፊያችን ወይዘሮ አልማዝ የበረዶ ባልዲ ሰጡኝና፣ "የዛሬ ሥራህ ነጩን ወይን ከፀሐይ መጠበቅ ነው" አሉኝ። የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር።

አልኮሉ ቀለል ያለ ነጭ ወይን በሚያዝያ ሙቀት ደስ የሚለው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ጠርሙሱ በረዶና ውሃ በተቀላቀለበት ባልዲ ይቀመጣል፤ በረዶ ብቻውን ቶሎ አያቀዘቅዝም። ብርጭቆ አይሞላም። ወይኑ ከሞቀ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ ነው።

ዋና አስተናጋጅ ከሆንኩ በኋላ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ የዓለም ገና ነጋዴ ለታናሽ ልጃቸው ሠርግ ግቢውን ሊከራዩ መጡ። "አካም ጅርታ?" ብለው ሰላም አሉኝና ወዲያው፣ "ውስኪ የሚባል ነገር እንዳላይ" አሉ። በትልቋ ልጃቸው ሠርግ ውስኪ ቀርቦ አማቾች ተደባድበዋል። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ባሏን ይዛ አባቷ ቤት አትመጣም።

"ይቺንም እንዳላጣት" አሉኝ። ቀለል ያለ ነጭ ወይን መረጥንላቸው።

የሠርጉ ዕለት ፀሐዩ አናት ይበሳል። "ከምርቃቱ በኋላ ብንቀዳው ይሻላል" አልኳቸው።

"ባዶ ብርጭቆ ይዞ ምን ምርቃት አለ? ሙላው።"

ሞላን። መራቂው አባባ ደበላ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ፣ ከሙሽሮቹ ጀምረው እስከ ከብቱና ዝናቡ ድረስ መረቁ። እንግዳው ብርጭቆውን እንደያዘ አሜን ሲል ቆየ። ሲጨርሱ ወይኑ ለብ ብሏል።

የሙሽራው አጎት ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ውስኪ የለም እንዴ?" ብለው ሹፌራቸውን ከመኪናው ጠርሙስ እንዲያመጣ ላኩት። ኦቦ ቶሎሳ አንገታቸውን ደፉ። በጣም አሳዘኑኝ።

ቀዝቃዛ ወይን በባልዲው አለ። ግን የተመረቀበትን መጠጥ ከሰው እጅ ተቀብሎ የሚደፋ አስተናጋጅ በዚህ አገር እንጀራ አይበላም። ወደ አባባ ደበላ ጆሮ ጎንበስ አልኩ።

"አባባ፣ ወይኑ ሞቋል። ተመርቆበት እንዴት ልቀይረው?"

አየት አደረጉኝና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ምርቃቱ ያለው እኔ ብርጭቆ ውስጥ ነው። የናንተን ለልጁ ስጡት፣ ቀዝቃዛ ያምጣላችሁ።" የራሳቸውን ለብ ያለ ወይን ፊታቸው ሳይቀየር ጨለጡት።

አዲስ ጠርሙስ እየከፈትን ግማሽ ግማሽ ቀዳን። አጎትየው ቀመሱ፤ ጨረሱትና ብርጭቋቸውን እንደገና ዘረጉ። ሹፌሩ ውስኪውን ይዞ ሲመጣ፣ "መልሰው፣ በዚህ ፀሐይ ማን ይጠጣዋል?" አሉት።

ኦቦ ቶሎሳ ለመልሱ ያንኑ ወይን አዘዙን። የትልቋ ልጃቸው ሠርግ መልስ አልነበረውም።

በሙቀት ቀን ነጭ ወይን የሚቀዳው ከምርቃት በኋላ ነው። የግድ ቀድሞ መቀዳት ካለበት፣ ለመራቂው ብቻ ይቀዳ።